ፍሬሽማን ሐዋሳ፣ ሕክምና አሜሪካ፦ ወንድሜ የትኛውን ሜጀር ይያዝ?

እህት_ከፒያሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ናቹራል ፍሬሽማን። አባታችን የጀመረለት የቤተሰብ ፕሮሰስ አልቆ የኤምባሲ ቀጠሮ እየጠበቀ ነው። ከተሳካ የሚሄደው አባታችን ጋ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጁ ከሕክምና ሌላ አይታየውም። እዚያ ሕክምና የሚገባው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ መሆኑን ሰምተናል፤ ግራ ያጋባን በምን ዲግሪ የሚለው ነው። አንዱ ዘመድ ባዮሎጂ ይላል፣ አንዱ ነርሲንግ፣ አንዱ ፋርማሲ፤ "ፕሪሜድ የሚባል ዲፓርትመንት አለ፣ እሱን ብቻ ይሙላ" ያለንም አለ። እዚህ የወሰደው ኮርስ ይቆጠርለታል? ደግሞ ሐዋሳ የዲፓርትመንት ምርጫ ከመሄዱ በፊት ከደረሰ ምን ይሙላ? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን።

ባዮኬም_ሜሪላንድ
ከመጨረሻው ዘመድ ልጀምር። ፕሪሜድ ዲፓርትመንት አይደለም። ሕክምና ለመግባት የሚያስፈልጉ ኮርሶች ስብስብና የሚከታተለው አማካሪ ነው እንጂ በዲግሪው ላይ የሚጻፍ ስም አይደለም። በቅጹ ላይ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ተብሎ የሚሞላው ሌላ ነው፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶቹም አንድ የተወሰነ ሜጀር አያስገድዱም። ከሚገቡት ከግማሽ በላይ ባዮሎጂና ተዛማጅ ትምህርት ያጠኑ ናቸው፤ ግን ከታሪክም፣ ከሒሳብም፣ ከኢንጂነሪንግም ይገባል።

የሚያስገድዱት ኮርስ ነው። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያይም መሠረቱ ይህ ነው፦ ጄኔራል ኬሚስትሪ 2 ሰሚስተር ከነላቡ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ 2 ሰሚስተር ከነላቡ፣ ባዮሎጂ 2 ከነላቡ፣ ፊዚክስ 2 ከነላቡ፣ ባዮኬሚስትሪ 1፣ እንግሊዝኛ 2፣ ስታቲስቲክስ፤ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ደግሞ ለኤምካት (ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ) ፈተና ስለሚመጡ አንድ አንድ።

ልጁን የሚያስቸግረው ከዚህ ውስጥ የኬሚስትሪው ሰንሰለት ነው። ጄኔራል 1፣ ጄኔራል 2፣ ኦርጋኒክ 1፣ ኦርጋኒክ 2፣ ባዮኬሚስትሪ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። በተከታታይ 5 ሰሚስተር ማለት ነው። ኮሌጁ ሲገባ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መመደቢያ ፈተና ይሰጠዋል። ብዙ ቦታ ጄኔራል ኬሚስትሪ 1 ለመመዝገብ የኮሌጅ አልጀብራ ደረጃ ይጠየቃል። ሳይዘጋጅ ተቀምጦ ዝቅተኛ የሒሳብ ክፍል ከተመደበ ሰንሰለቱ አንድ ሰሚስተር ወደኋላ ይሄዳል፤ ኦርጋኒክ 1 በመጸው ብቻ የሚሰጥበት ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ዓመት ሙሉ ይሄዳል። ስለዚህ ገና ሐዋሳ እያለ የሚጠቅመው ሥራ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳቡን መከለስ ነው። አልጀብራ፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ። ቃላቱን በእንግሊዝኛ እንጂ በአማርኛ እንዳያስብ።

አካሄዱ ሲደረደር እንዲህ ይመስላል፦ 1ኛ ዓመት መጸው ጄኔራል ኬሚስትሪ 1፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፤ ጸደይ ኬሚስትሪ 2፣ ባዮሎጂ 1። 2ኛ ዓመት መጸው ኦርጋኒክ 1፣ ባዮሎጂ 2፤ ጸደይ ኦርጋኒክ 2፣ ስታቲስቲክስ። 3ኛ ዓመት መጸው ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ 1፤ ጸደይ ፊዚክስ 2፣ ሶሲዮሎጂ፣ በዚያው ጸደይ ኤምካት። ማመልከቻው የሚገባው በ3ኛውና በ4ኛው ዓመት መካከል፣ በፈረንጅ ሜይ መጨረሻና ጁን ነው። የሚጀምረው ከተመረቀ በኋላ በኦገስት። እንግዲህ ከማመልከት እስከ መግባት ከአንድ ዓመት በላይ አለ። መቀመጫው እየተሰጠ ስለሚሄድ "ማብቂያው ገና ነው" ብሎ ኦክቶበር ላይ የሚያመለክት ልጅ በጥሩ ውጤትም ወደኋላ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ሜጀር የሚመረጠው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እነዚህን ኮርሶች ምን ያህሉን በውስጡ ይዟል? ሁለተኛ፣ ልጁ በየትኛው ኤ ያመጣል? ባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ዝርዝሩን ከሞላ ጎደል ይሸፍኑለታል። ሳይኮሎጂ ቢወድ ችግር የለም፤ የኬሚስትሪው ሰንሰለት ግን በትርፍነት ይጨመርበታል። "ሄልዝ ሳይንስ" እና "ፐብሊክ ሄልዝ" ስማቸው ወደ ሕክምና የቀረበ ይመስላል፤ ብዙ ቦታ ግን ኦርጋኒክና ፊዚክስ በውስጣቸው የለም። ስም አይቶ መመዝገብ እዚህ ላይ ነው ጉድ የሚሠራው። ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ጎበዝ ልጅ ይችለዋል፤ ከዝርዝሩ ውጭ ከባድ ኮርስ ስለሚበዛበት ግን ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይጎትታል።

ላብ_ኮት
ጂፒኤውን በቁጥር ላስቀምጠው፤ "በኋላ ያነሳዋል" የሚለው ነገር ብዙ ልጅ አጥፍቷል።

ዲግሪው 120 ክሬዲት ነው እንበል። የመጀመሪያው ዓመት 30 ክሬዲት በ3.0 ካለፈና የቀረውን 90 በ3.8 ከሠራ (90 ሲደመር 342፣ ለ120) መጨረሻው 3.60 ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት 2.5 ከሆነ ግን ሦስቱን ዓመት ሙሉ በ3.8 ሠርቶም 3.48 ገደማ ላይ ይቆማል። አዲስ አገር፣ አዲስ ቋንቋ፣ ማታ ማታ ሥራ፣ በዚያ ላይ 17 ክሬዲት ተጭኖ የሚጀመር ዓመት 2.5 ማምጣቱ አይገርምም። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል 12 ክሬዲት ይበቃል። በመጀመሪያው ሰሚስተር ላብ ያለው ኮርስ ከአንድ በላይ አይያዝ፤ ላብ ያለው ኮርስ ብዙ ጊዜ 4 ክሬዲት ነው፣ የሚበላው ሰዓት ግን የ6 ያህል ነው።

ሌላው ሐበሻ ተማሪ ዘግይቶ የሚያውቀው፦ ማመልከቻው ሁለት ጂፒኤ ያሰላል። አንዱ አጠቃላይ ነው፤ ሌላው የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ብቻ። ኮሌጁ "ኮርሱን ከደገምክ የድሮውን ግሬድ እንሰርዝልሃለን" ሊለው ይችላል። በኮሌጁ ትራንስክሪፕት እውነት ነው። የሕክምናው ማመልከቻ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል። ስለዚህ እየሰመጠ ያለ ኮርስ ካለ ቀኑ ሳያልፍ በደብልዩ (ኮርሱን በይፋ አቋርጦ) መውጣት ኤፍ ይዞ ከመድገም ይሻላል። አንድ ደብልዩ ማንም አይጠይቅበትም። በየሰሚስተሩ ከሆነ ይጠየቅበታል።

አሞራ_ገደል
ነርሲንግ የሚለውን ዘመድ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ዲሲና ሜሪላንድ ያለው ሐበሻ ቤት ውስጥ በጣም የሚጠነክር ምክር ነው። ምክንያቱም አለው፤ በ4 ዓመት ሥራ ያለው ዲግሪ ነው፣ ቤተሰብ ይረዳል። ለሕክምና መሸጋገሪያ ብሎ የሚመርጠው ልጅ ግን ሒሳቡን ይወቅ። ለነርሲንግ የሚሰጠው ኬሚስትሪ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለው፣ ለጤና ሠራተኞች የተዘጋጀው ነው፤ ለሕክምና አይቆጠርም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂም በብዙ ትምህርት ቤት የጄኔራል ባዮሎጂን ቦታ አይተካም። ከ3ኛ ዓመት ጀምሮ ክሊኒካል ልምምዱ ቀኑን ስለሚይዘው ኦርጋኒክ የሚያስገባበት ሰዓት ያጣል። በውጤቱ ነርሲንጉን ጨርሶ ከ8 እስከ 10 የሳይንስ ኮርስ እንደገና ይጀምራል። ነርስ መሆን ከፈለገ ነርስ ይሁን፤ ነርስነት የራሱ ሙያ ነው፣ የሐኪም መወጣጫ ደረጃ አይደለም።

ፋርማሲም እዚያ እንደ እኛ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ አይደለም። ሁለት ዓመት ገደማ የመሠረት ኮርስ ተወስዶ ከዚያ 4 ዓመት የሚገባበት የዶክትሬት ትምህርት ነው። ከዚያ በላይ ሕክምና 4፣ ከዚያም ስፔሻላይዜሽን ከ3 እስከ 7 ዓመት ሲደመርበት ልጁ ስንት ዓመቱ ላይ እንደሚሆን ዘመድ ራሱ ይቁጠረው።

ታቦር_ሥር
የሐዋሳውን ክፍል እኔ ልመልስ።

እህቴ፣ እዚህ የወሰደው ይቆጠራል ወይ ላልሽው መልሱ ሁለት ነው። አሜሪካ የሚገባበት ኮሌጅ የተወሰነውን ሊቀበለው ይችላል፤ ትራንስክሪፕቱን እንደ ደብልዩ ኢ ኤስ ባለ ገምጋሚ ድርጅት በኮርስ በኮርስ አስገምግሞ ማስገባት አለበት። ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሎጂክ፣ የመሳሰሉት በጠቅላላ ትምህርት ሊያዙለት ይችላሉ። የሕክምናው ማመልከቻ ግን ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የተወሰደ ኮርስን ጂፒኤው ውስጥ አያስገባም፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የሳይንሱ ኮርሶች እዚያ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጄኔራል ኬሚስትሪን ሐዋሳ በኤ ቢያልፍም እዚያ እንደገና ይውሰደው። ኪሳራ አይደለም፤ ያየውን ነገር በአዲስ ቋንቋ በኤ የሚያልፍበት የመጀመሪያ ሰሚስተር ማለት ነው። የማይቆጠር ቢሆንም የተማረበትን ዩኒቨርሲቲ በማመልከቻው መዘርዘር ግዴታው ነው፣ መደበቅ የለም።

የዲፓርትመንት ምርጫውን በተመለከተ፦ ቪዛው መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ እንደማይሄድ ሆኖ ይሙላ። ወደ ፕሪ ኢንጂነሪንግ እንዳይገባ ብቻ ይጠንቀቅ፤ እዚያ ከገባ ባዮሎጂው ይቀርበታል። ከዚያ ሕክምናን አንደኛ ያድርግ። ካልደረሰው ቀጥሎ ሜዲካል ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ የቱም ይሆናል፤ ለአሜሪካው ጉዳይ ልዩነት የላቸውም። ባይሄድ ግን ሐዋሳ ላይ ቆሞ የሚመረቅበት ነውና፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ ሥራ የሚሠራበትን ይምረጥ።

የአዳማ_አባት
በዚሁ ልጠይቅ። የእኔ ልጅ አዳማ ነው ያለው፤ ግሪን ካርድ የለውም። በስኮላርሺፕ በተማሪ ቪዛ ለባችለር ቢሄድና ከዚያ ሕክምና ቢያመለክትስ? ደግሞ እዚሁ በባዮሎጂ ተመርቆ ሕክምና መግባት ይቻላል የሚባለውስ?

ባዮኬም_ሜሪላንድ
ጋሼ፣ ለእርስዎ ልጅ መንገዱ በጣም ይጠባል። በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ ያለን ተማሪ የማይቀበሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ከሚቀበሉት አንዳንዶቹ የዓመታቱን ክፍያ አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ። የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ብድርም አያገኝም። የትኛው ትምህርት ቤት የውጭ ተማሪ እንደሚቀበል የሕክምና ኮሌጆቹ ማኅበር ኤም ኤስ ኤ አር በሚባለው፣ ተከፍሎበት በሚታይ የመረጃ ቋት ውስጥ በየዓመቱ ያወጣዋል፤ ባችለሩን ከመምረጡ በፊት እሱን ይዩ። ለእሱ ሜጀር ሲመረጥም ሕክምናው ባይሳካ ማስተርስ ወይም ሥራ የሚያስገኝ እንዲሆን እመክራለሁ። ባዮስታቲስቲክስ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ከባዮሎጂ ጋር፣ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ታቦር_ሥር ይመልስልዎ።

ታቦር_ሥር
ጋሼ፣ በሳይንስ ወይም በጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን የሚቀበል የሕክምና ፕሮግራም በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት ተጀምሯል። የሚያየው የቢኤስሲ ዲግሪውን ነው፣ ከመደበኛው ያጠረ ነው። ቅበላው በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በእሱ ላይ ብቻ ተመርኩዞ ባዮሎጂ ማስገባት አይበጅም፤ የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ካስገባው በቀጥታው መንገድ ይግባ።

እህት_ከፒያሳ
በጣም ተጠቀምን። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ሐዋሳ ሕክምና ቢደርሰውና ቪዛውም ቢመጣ እዚሁ ጨርሶ በሐኪምነት ቢሄድስ? አባታችን "ካርዱን ይዞ ተመልሶ ይማር" እያለ ነው። ሁለተኛ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ) መጀመር ለሕክምና ያበላሻል ይባላል፤ እውነት ነው?

አሞራ_ገደል
የመጀመሪያውን። ካርድ ይዞ ተመልሶ መማር የማይሠራ ሐሳብ ነው። የስደተኛ ቪዛው ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው 6 ወር ነው፤ በዚያ ውስጥ መግባት አለበት። ገብቶ ከተመለሰ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ መቆየት ግሪን ካርዱን ያሳጣል። የመመለሻ ፈቃድ አለ፣ በአይ-131 ቅጽ፤ የሚጠየቀው እዚያው አሜሪካ ሆኖ ነው፣ የሚሰጠውም ቢበዛ ለ2 ዓመት ነው። የሐዋሳ ሕክምና ከፍሬሽማን እስከ ኢንተርን 6 ዓመት ያልፋል። ሁለቱ አይገናኙም።

እዚሁ ጨርሶ በውጭ ምሩቅነት መሄድ ራሱን የቻለ መንገድ ነው፤ የአሜሪካው የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ዩ ኤስ ኤም ኤል ኢ ደረጃ 1 እና ደረጃ 2፣ የእንግሊዝኛው ኦ ኢ ቲ፣ ለውጭ ምሩቃን የሚሰጠው የኢ ሲ ኤፍ ኤም ጂ ማረጋገጫ፣ ከዚያ የሬዚደንሲ (የስፔሻላይዜሽን ሥልጠና) ውድድር። ደረጃ 1 ከፈረንጆቹ 2022 ወዲህ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ስለሆነ ሰው የሚለየው በደረጃ 2 ነጥብ ነው። በዚህ መንገድ ልጁ የኮሌጅ ዕዳ የለበትም፣ በ25 ወይም በ26 ዓመቱ ሐኪም ነው። ቪዛውን ግን ይለቃል ማለት ነው። ይህን ቤተሰቡ ተቀምጦ ይወስን፤ "ሁለቱንም ይዘን እንሂድ" የሚል መካከለኛ ግን የለም።

ላብ_ኮት
ስለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ አያበላሽም፤ አጠቃቀሙ ያበላሻል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ካምፓስ አለው፤ ክፍያው የካውንቲው ነዋሪ ከሆነ ዝቅተኛው ነው። ልጁ በአባቱ ጥገኝነት ሥር ስለሚሆን የአባትሽን የነዋሪነት ማስረጃ፣ የግብር ወረቀትና የቤት ኪራይ ውል፣ ያዘጋጁ። ሜሪላንድ ውስጥ የትኛው ኮርስ ወደ የትኛው ዩኒቨርሲቲ በምን ኮድ እንደሚሸጋገር አርትሲስ የሚባለው የክፍለ ግዛቱ ድረ ገጽ ያሳያል። ከመመዝገቡ በፊት እያንዳንዱን ኮርስ እዚያ ይይ፤ በኋላ ማየት ከንቱ ነው።

ሁለት ደንብ ይያዝ። ተከታታይ የሆነን ኮርስ አይክፈለው፤ ኦርጋኒክ 1ን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ኦርጋኒክ 2ን ዩኒቨርሲቲ ቢያደርግ ይዘቱ አይገጥምም፣ በመሐል የሚጎድል ምዕራፍ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ሳይንሱን ሁሉ እዚያ አይጨርሰው። ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ እዚያ ይሁን፤ ኦርጋኒክ፣ ባዮኬሚስትሪና ፊዚክስ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ላይ። አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኤ ብቻ ሲያይ "ከባዱ ቦታ ላይስ?" ይላል፤ ባዮኬሚስትሪ ላይ ኤ ካለ ጥያቄው ይዘጋል።

ባዮኬም_ሜሪላንድ
እኔ በዚህ ትንሽ እለያለሁ። በቀጥታ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነትና በቂ እርዳታ ካገኘ እዚያው ይጀምር። ምክንያቴ ክፍያ ሳይሆን የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት የሳይንስ መምህራንና ከአንድ የሌላ ትምህርት መምህር ደብዳቤ ይፈለጋል፤ በ3ኛ ዓመት ተዘዋውሮ የመጣ ልጅ በዓመት ውስጥ 200 ሰው ካለበት ክፍል ማን ያውቀዋል? ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጀመረ የዚያን መምህር ደብዳቤ ከመልቀቁ በፊት ያስጽፍ።

ኤምካትን ማንም በዝርዝር ስላላነሳው ልጨምር። 4 ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132፣ ድምሩ ከ472 እስከ 528። ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ በእጁ ሲያሰላ ለኖረ የእኛ ልጅ ጥቅም ነው። የሚጥለው የንባቡ ክፍል ነው፦ 9 ምንባብ፣ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ። ለአንድ ምንባብ ከነጥያቄው 10 ደቂቃ ማለት ነው፤ ጽሑፉ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ኅብረተሰብ ነው፣ ሳይንስ አይደለም። ይህ በ3 ወር ጥናት አይመጣም። ከአሁኑ በየቀኑ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቦ የጸሐፊው አቋም ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ከሜጀሩ ውጭ በየዓመቱ አንድ ብዙ ንባብና ጽሑፍ ያለው ኮርስ፣ ታሪክ ወይም ፍልስፍና፣ ቢይዝ ለዚሁ ነው። ፈተናውን በዓመት ከ3 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከ7 ጊዜ በላይ መውሰድ አይቻልም፤ ሁሉም ውጤት ለትምህርት ቤቶቹ ይታያል፣ ስለዚህ "ለሙከራ" ብሎ አይቀመጥ።

እህት_ከፒያሳ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ቪዛው በሰሚስተር መሐል ቢመጣስ? እንዲሁ ጥሎ ይሂድ?

ታቦር_ሥር
ጥሎ እንዳይሄድ! ስሙ ክፍል ውስጥ እንዳለ ከጠፋ ግሬዱ ኤፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ በኋላ ትራንስክሪፕት ሲጠየቅ እሱ ነው የሚወጣው። ዊዝድሮው ሞልቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ ይውጣ። ክሊራንሱ ከላይብረሪ፣ ከዶርም፣ ከካፌ፣ ከኮስት ሸሪንግ ጀምሮ በየቢሮው ፊርማ ስለሚፈልግ አንድ ሳምንት ይያዝለት፤ የቲኬቱን ቀን ከዚያ በኋላ ቁረጡ። 6 ወር ስላለው ሰሚስተሩ ሊያልቅ 5 ወይም 6 ሳምንት ከቀረው ፈተናውን ተቀምጦ ቢሄድ ይሻላል።

ከመሄዱ በፊት የጨረሳቸውን ኮርሶች ኮርስ አውትላይን ከየዲፓርትመንቱ በማኅተም ያስደርግ፤ የአሜሪካው ኮሌጅ ለመቀበል ሲያመነታ የሚጠይቀው እሱን ነው፣ ከዚያ ሆኖ ማስላክ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ትራንስክሪፕቱ ተማሪው በእጁ የሚይዘው ለራሱ ነው፤ ለግምገማ የሚሄደው ሬጅስትራሩ አሽጎ በቀጥታ የሚልከው ነው። ለዚህ አንቺን በውክልና ይተውሽ። ውክልናው ላይ "ትራንስክሪፕት ማስወጣትና ማስላክ" የሚል ቃል በግልጽ ይግባበት፤ ጠቅላላ ውክልና ይዘሽ ብትሄጂ መስኮቱ ላይ ሊመልሱሽ ይችላሉ። ስሙ በፓስፖርቱ፣ በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱና በዩኒቨርሲቲው መዝገብ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን ዛሬውኑ እዩት፤ ልዩነት ካለ እዚህ እያለ ይስተካከል።

እህት_ከፒያሳ
አሁን አየሁት፤ የአያት ስም ላይ በፓስፖርቱ አንድ ፊደል ይለያል። ሰኞ ሬጅስትራር እንሄዳለን።